ከአገር ርቀው ሥዕል ለሚያጠኑ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ብዙዎቻችሁ ትውልድ አገራችሁን በሥራችሁ ውስጥ እንዴት እንደምታኖሯት ትጠይቁኛላችሁ። ዕድሜዬን በሕትመት ሥዕል፣ ማለትም በብረት ዝርግ ላይ ተቀርጾ በወረቀት ላይ በሚታተም ሥዕል፣ ያሳለፍሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ መልሱን የማገኘው ከሠዓሊና የሕትመት ባለሙያ ጁሊ ምሕረቱ ሥራ ነው።

ጁሊ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በደርግ ዘመን በ1977 ከወላጆቿ ጋር ወደ ሚሺጋን ተሻገረች፤ በዳካር ለአንድ ዓመት ተምራ፣ በኋላም በ1997 ከሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት በማስተርስ ዲግሪ ተመረቀች። ሽልማቶቿን መዘርዘር አልፈልግም፤ ለእናንተ የሚጠቅማችሁ የአሠራሯ መንገድ ነው። በ2012 «ሞጋማ» የተሰኙትን አራት ግዙፍ ሥዕሎች ስትሠራ፣ በካይሮ የታህሪር አደባባይን የከበቡትን ሕንፃዎች ንድፍ ከሌሎች ከተሞች አደባባዮች ጋር ደራርባለች፤ ከእነዚህም መካከል የእኛው መስቀል አደባባይ ይገኛል። ተመልካቹ አተኩሮ ካልፈለገው ላያየው ይችላል፤ ቢሆንም ከሥዕሉ ቢወጣ ሥዕሉ ይጎድላል። ባንዲራ ወይም ጀበና በመሣል ብቻ አገሩን ያኖረ ለሚመስለው ወጣት ይህን ሥራ ደጋግሞ እንዲያየው እመክራለሁ።

መደራረብን በብሩሽ ብቻ መማር ይቻላል፤ የሕትመት ቤት ግን እያንዳንዱን ንብርብር ለብቻው እንድታስቡበት ያስገድዳችኋል። በ2016 ኮፐንሃገን ከሚገኘው የኒልስ ቦርክ የንሰን ሕትመት ቤት ባለሙያዎች ጋር የሠራችው ባለ ስድስት ክፍሉ «ኤፒግራፍ፣ ደማስቆ» ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የደማስቆ ሕንፃዎች ንድፍ በፎቶ ዘዴ በመዳብ ላይ ተቀርጿል፤ የእጇ ጭረት ደግሞ ስኳር በተቀላቀለበት ቀለም ተሥሏል። በሥዕሉ ላይ አሲድ የማያሳልፍ ቫርኒሽ ተቀብቶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ስኳሩ ይሟሟል፣ በላዩ ያለውንም ቫርኒሽ ይዞ ይነሣል፤ በተጋለጠው መዳብ ላይም አሲዱ መስመሩን ይበላዋል። የአሲዱን ጊዜ የሚለካ፣ ቀለሙን የሚያብስ፣ ወረቀቱን የሚያረጥብ ባለሙያ ከጎናችሁ ይቆማል። ለብቻው መሥራት የለመደ ሠዓሊ በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላውን ማመን ይማራል፤ ይህን ለስደተኛ ወጣት ከማንኛውም ትምህርት አስበልጬ እመኝለታለሁ።

ስለዚህ በምትኖሩበት ከተማ የሕትመት ቤት ፈልጉ፤ የሕትመት ሳህን፣ ማለትም ሥዕሉ የሚቀረጽበትን የብረት ዝርግ፣ በማጽዳትም ቢሆን ግቡ። በአንዱ ሳህን ላይ ያደጋችሁበትን ሰፈር፣ በሌላው ዛሬ የምትመላለሱበትን ጎዳና ሥላችሁ በአንድ ወረቀት ላይ አትሟቸው፤ መስመሮቹ የሚጋጩበትንም ቦታ ለማስተካከል አትቸኩሉ።