ፕራይመሩ ግማሽ መንገድ ላይ ለሚቆምብህ ወንድም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከተኩስ ሜዳ የለቀምከውን የ9 ሚሊ ሜትር ቀለሃ በፕሬስ፣ ማለትም በጥይት መሙያ መሣሪያ፣ እንደገና ስትሞላ አንዳንዱ ፕራይመር (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ) እንደ ልብ ይገባል፣ አንዳንዱ ግን ግማሽ ደርሶ ይጨማደዳል፤ «ፕሬሱ ነው የተበላሸው ወይስ ፕራይመሩ?» ብለሃል። ሁለቱም ደህና ናቸው። የወታደር ቀለሃ ተቀላቅሎብህ ነው።

ፋብሪካው ለጦር ሠራዊት ጥይት ሲሠራ፣ ፕራይመሩን ካስገባ በኋላ ፕራይመሩ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ አፍ ዙሪያውን ተጭኖ ናሱን ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። ክሪምፕ የሚባለው ይሄ ነው። አውቶማቲክ መሣሪያ ሲተኩስ ፕራይመሩ ወደ ኋላ ሾልኮ ወጥቶ እንዳይቀረቀር ታስቦ ነው የሚደረገው። የተተኮሰውን ፕራይመር ስታወጣ ያ ወደ ውስጥ የታጠፈ ጠርዝ እዚያው ይቀራል፤ አዲሱ እሱ ላይ ይሰናከላል። እጀታውን ጨክነህ ብትጫነው ፕራይመሩን ታደቀዋለህ እንጂ ጠርዙን አታሸንፈውም። ፕራይመር ደግሞ በመመታት የሚፈነዳ ነገር ነውና ጉልበት እዚህ ቦታ የለውም። መነጽርም ከዓይንህ አይውረድ።

ለመለየት የቀለሃውን ቂጥ ገልብጠህ በመብራት እየው። ደብሊው ሲ ሲ (WCC) የሚል ፊደል፣ ባለ ሁለት አሃዝ ዓመተ ምሕረትና በክብ ውስጥ ያለ መስቀል ካየህ የናቶ ነው፣ ክሪምፕ አለው። ግን ጽሑፉን ብቻ አትመን። የፕራይመሩን ዙሪያ ተመልከት፤ ተራው ቀለሃ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ታያለህ፣ ክሪምፕ ያለው ላይ ግን ከመስመሩ ውጭ ሌላ የተረገጠ ቀለበት ይኖራል። የቼኩ ፋብሪካ የሴሊየር ኤንድ ቤሎት ቀለሃ ብዙ ሰው ያሳስታል። ብዙውን ጊዜ ክሪምፕ የለውም፤ የጉድጓዱ አፍ ጠባብና ስለታም ስለሆነ ግን ያው ያስቸግራል። ስለ .45 ጥይት አልጠየቅከኝም፣ ግን ወደዚያ መሄድህ አይቀርም፦ ዊን ኤን ቲ (WIN NT) የሚል ጽሑፍ ያለው .45 ከሁለቱ የፕራይመር ስፋቶች ትንሹን የሚወስድ፣ ክሪምፕም ያለው ሊሆን ይችላል። ትልቁን ልታስገባበት ስትታገል እንዳትውል።

አሁን ምን ታደርገዋለህ? እኔን ከጠየቅከኝ፣ የ9 ሚሊ ሜትር ከሆነና ጥቂት ከሆነ ወደ ቁራጭ ናስ ማጠራቀሚያው ወርውረው። አሜሪካ ውስጥ የ9 ቀለሃ በየተኩስ ሜዳው ወለል ላይ ፈሶ የሚገኝ ነገር ነው፤ ለእሱ ብሎ መሣሪያ መግዛት አይታየኝም። ባልዲ ሙሉ ካለህ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ያኔ ሁለት መንገድ አለ፤ መግፋት ወይም መቁረጥ። ለመግፋት እንደ ዲሎን ሱፐር ስዌጅ 600 ያለ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መሣሪያ አለ፤ ቀለሃውን ከውስጥ በዘንግ ደግፎ በብረት አናት የታጠፈውን ናስ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ፈጣን ነው፣ ናስም አይጎድልም። ጣጣው የቀለሃው ወለል ውፍረት ከፋብሪካ ፋብሪካ መለያየቱ ነው። ለቀጭኑ ያስተካከልከው ወፍራም ሲመጣለት አብዝቶ ይገባና ጉድጓዱን ያሰፋዋል፤ ለወፍራሙ ካስተካከልከው ደግሞ ቀጭኑ ላይ ክሪምፑ በከፊል ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በጽሑፋቸው ለያይተህ አንዱን ዓይነት ጨርሰህ ወደ ሌላው እለፍ።

መቁረጥ ርካሽ ነው። ላይማንና አርሲቢኤስ የሚባሉት ፋብሪካዎች የእጅ መቁረጫ አላቸው። አስገብተህ ቀስ ብለህ ስታዞረው መጀመሪያ ይይዝሃል፣ ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነ የናስ ቁራጭ ይወጣል፣ ወዲያው እጅህ ላይ ይለሰልሳል። በዚያች ቅጽበት አቁም። የጉድጓዱ አፍ ላይ ቀጭን የሚያበራ ቀለበት ካየህ በቂ ነው፤ ግድግዳውን አትንካ። የትንሹ ፕራይመር ስፋት 0.175 ኢንች ገደማ ስለሆነ ትንሽ መፋቅ ብዙ ያበላሻል። ከዚያ በኋላ ፕራይመሩ ምንም ሳይታገልህ ዘው ካለ ቀለሃው አብቅቶለታል፤ ሲተኮስ ጋዝ በዚያ በኩል እየሾለከ የሽጉጥህን የቀለሃ መደገፊያ ፊት ይበላዋል።

የድሮውን ፕራይመር ስታወጣም ክሪምፕ ያለው ጠንከር ስለሚል የማውጫው መርፌ ሊጎብጥ ይችላል። እምቢ ካለህ አትታገል፣ ውስጡን በመብራት እይ። መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ከሌለና በምትኩ ሁለት ትንንሽ ካየህ ቤርዳን የሚባለው ዓይነት ቀለሃ ነው፣ ለእኛ አይሆንም።

ካስገባህ በኋላ ጣትህን በቀለሃው ቂጥ ላይ አሳልፍ። ፕራይመሩ ከናሱ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። መስታወት ላይ ስታቆመው የሚወዛወዝ ከሆነ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ምላጭ ስትስብ የመጀመሪያው ምት ፕራይመሩን ወደ ቦታው ከመግፋት ሌላ አይሠራም፣ ቀጭ ብሎ ይቀራል።

እነዚያ የተጨማደዱብህን ከሌሎቹ ለይተህ አስቀምጣቸው። ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር ይሞታል የሚለውን አትመን፣ ሲደርቅ የሚፈነዳ አለ። ማውጣት የግድ ከሆነብህ ባሩድ በሌለበት፣ አንድ በአንድ፣ እጀታውን በጣም ቀስ አድርገህ፣ ፊትህን ከፕሬሱ መስመር አርቀህ አውጣቸው።