ስኖርክል ለምን አጭር ሆነ? እና ሌሎች የቅዳሜ ጥያቄዎች

ለታኅሣሡ የጅቡቲ ጉዞ የተመዘገባችሁ ዋናተኞች ስኖርክል (ፊት ውሃ ውስጥ ሆኖ ከላይ አየር የሚሳብበትን የአፍ ቱቦ)፣ ማስክና መሰል ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ስታዲየም ጀርባ ቡና ላይ የተነሡትንም፣ ከዚያ ወዲህ በስልክ የላካችሁልኝንም አንድ ላይ እመልሳለሁ። የሚደጋገሙትን አዋህጃለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከፒያሳ፦ ጋሼ፣ ይሄ ቱቦ ለምን እንዲህ አጠረ? አንድ ሜትር ቢሆን እኮ ታች ሆነን ዓሣውን እያየን እንተነፍስ ነበር። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ቆርጬ ልሞክር አስቤያለሁ።

ኧረ እንዳትሞክር! ሁለት ነገር ይከለክልሃል። አንደኛው የውሃው ግፊት ነው። አንድ ሜትር ስትወርድ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 100 ግራም ያህል ይጨመርብሃል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ኤፎር ወረቀት በሚያህል የደረትህ ክፍል ላይ ብቻ ደምረው፣ ከ60 ኪሎ ያልፋል። በቱቦው የሚመጣልህ አየር ደግሞ የላይኛው፣ ግፊት ያልተጨመረበት አየር ነው። ስለዚህ ትንፋሽ በሳብክ ቁጥር ያን ሁሉ ክብደት በደረት ጡንቻህ ታነሣለህ። በጋን አየር ተሸክመው የሚጠልቁት የማይቸገሩት መሣሪያቸው አየሩን በዙሪያቸው ካለው ውሃ ግፊት ጋር አስተካክሎ ስለሚሰጣቸው ነው።

ሁለተኛው የተቃጠለ አየር ነው። ተረጋግቶ የሚተነፍስ ሰው በአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ያህል ይስባል። ከዚያ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ገደማው ጉሮሮና የአየር ቧንቧ ውስጥ ስለሚቀር ለሳንባ አይጠቅምም። ውስጡ 2 ሴንቲሜትር የሆነ የአንድ ሜትር ቱቦ ደግሞ 314 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ደምረው፦ 464። ከምትስበው 500 ውስጥ ይሄ ሁሉ አሁን ራስህ ያስወጣኸው አየር ነው። ጎማውን ቀጭን ብታደርገው ይዘቱ ይቀንሳል፤ ግን ያኔ አየሩ በቀላሉ አያልፍልህም።

የአውሮፓው የስኖርክል መለኪያ ኢኤን 1972 (ቁጥሩ ዓመት አይደለም፤ መጀመሪያ የወጣው በ1997 ነው) ቁመቱ ከ150 ሴንቲሜትር በላይ ለሆነ ሰው የቱቦው ይዘት ከ230 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ቁመቱ ከዚያ በታች ለሆነ ሰው ገደቡ 150 ሚሊ ሊትር ነው። ቅርጹ፣ ጎማው፣ ቫልቩ ስንት ጊዜ ተቀያየረ፤ ርዝመቱ ግን 40 ሴንቲሜትር አካባቢ ላይ እንደቆመ ነው። ወሳኙ ፋብሪካው ሳይሆን ሳንባችን ነዋ።

ከአራት ኪሎ፦ መጀመሪያ የሠራው ማን ነው? የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ ነው የሚሉ አሉ።

ሐሳቡ ከባሕር ሰርጓጅ እጅግ ይቀድማል። አርስቶትል የዝሆንን ኩምቢ ሲያስረዳ፣ ጠላቂዎች ከውሃ በላይ ያለውን አየር ከሚስቡበት መሣሪያ ጋር ያነጻጽረዋል። ስለዚህ በእሱ ዘመን የታወቀ ነገር ነበር ማለት ነው። ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺም በሸምበቆና በቆዳ የተቀጣጠለ፣ ጫፉ በተንሳፋፊ የተያዘ መተንፈሻ ሥሏል። ውሃው ቆዳውን እንዳይጨፈልቀው ውስጡ ቀለበት አስገብቶበታል፤ የሚያድነው ግን ቱቦውን እንጂ የጠላቂውን ደረት አይደለም።

ዛሬ የምናውቀው የዋና ዕቃ የ1930ዎቹ ልጅ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ኮርሊዩ የእግር መቅዘፊያውን በ1933 አስመዘገበ። በ1938 ደግሞ ኒስ ከተማ ማክሲም ፎርዦ ዓይንንና አፍንጫን በአንድ መስታወት የሚሸፍን ማስክ አስመዘገበ። ቱቦው የመጣው እነዚህን ተከትሎ፣ በተለይ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ዓሣ በጦር የሚያድኑት ቀና እያሉ መተንፈስ ስለሰለቻቸው ነው።

የባሕር ሰርጓጁ ቱቦ (መርከቡ ውሃ ሥር ሆኖ ለሞተሩ አየር የሚስብበት) ሌላ መሥመር ነው። ሆላንዳዊው መኮንን ያን ያኮብ ቪኸርስ በ1930ዎቹ አሠራው፤ ጀርመን በ1940 ሆላንድን ስትይዝ አገኘችውና ከ1943 እና 44 ወዲህ በራሷ መርከቦች ላይ ገጠመችው። እሱን ወደ ጎን አትበሉት፤ ቀጥሎ ይመጣል።

ከካዛንቺስ፦ እኛ ምጽዋ በነበርንበት ጊዜ አናቱ ላይ የፒንፖንግ ኳስ ያለበት ስኖርክል ነበር። ውሃ አያስገባም ይባል ነበር። የት ገባ?

አባባ፣ በትክክል ነው የሚያስታውሱት። የ1950ዎቹ ፋሽን ነበር። የቱቦው ጫፍ እንደ ከዘራ እጀታ ወደ ታች ይታጠፍና አፉ ላይ ትንሽ ፍርግርግ ይገጠምለታል፤ ኳሷ እዚያ ውስጥ ናት። ሰውየው ሲጠልቅ ውሃው ኳሷን ወደ ላይ ይገፋትና የቱቦውን አፍ ትደፍናለች። እንዲያውም ከማስኩ ግራና ቀኝ እንደ ቀንድ ሁለት ቱቦ የወጣላቸው ነበሩ።

ለማየት ያምራል። ችግሩ ማዕበል ላይ ነው። ትንፋሽ በመሳብ ላይ ሳሉ አንዲት ሞገድ ኳሷን ብድግ ካደረገቻት ቱቦው ይዘጋል፤ እርስዎ ደግሞ መሳብዎን አላቆሙም፤ መሳብዎ ራሱ ኳሷን ይዞ ያስቀራታል። ሞገዱ ካለፈ በኋላም አየር የለም። ለማመን ይከብዳል እንጂ የጀርመን ባሕር ሰርጓጆች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ሞገድ ሲመጣ የቱቦው አናት በተንሳፋፊ ይዘጋል፤ የናፍጣ ሞተሩ ግን አየር መሳቡን ይቀጥላል። ከየት? ከመርከቡ ውስጥ። የውስጡ አየር ግፊት በአንዴ ስለሚወርድ መርከበኞቹ ጆሯቸውን ይዘው ይጮኹ ነበር።

በመጨረሻ የለመዱ ዋናተኞች ኳሷን ትተው ወደ ክፍቱ ቱቦ ተመለሱ። የገባ ውሃ በትንፋሽ ይወጣል፤ የተደፈነ ቱቦ ግን የሚከፈትበትን ሰዓት አይነግርዎትም።

ከሜክሲኮ፦ ዱባይ የሚመላለስ ዘመዴ “ድራይ” የሚባለውን አምጥቶልኛል። ፈጽሞ ውሃ አያስገባም ብሎኛል። እውነት ነው?

ከላይ ለአባባ የመለስኩትን ካነበብሽ መልሱን ግማሹን አገኘሽው። ድራይ ማለት ያችው ኳስ ልብስ ቀይራ የመጣች ናት። አሁን ኳስ የለም፤ ትንሽ ተንሳፋፊ በማጠፊያ ተያይዞ የሲሊከን ክዳን ይዘጋል። ከድሮው በጣም ይሻላል፣ ቶሎም ይከፈታል። ግን አሸዋ ወይም የደረቀ ጨው ማጠፊያው ውስጥ ሲገባ ክዳኑ ይጣበቃል። ስለዚህ ካመጣልሽ ተጠቀሚበት፤ ከባሕር በወጣሽ ቁጥር አናቱን በንጹሕ ውሃ እጠቢው፤ ገልብጠሽ ስታነሺው ክዳኑ ቷ ብሎ መዝጋት፣ ስትመልሺው ወዲያው መልቀቅ አለበት። ሲዘጋብሽ አትሳቢ፤ ተፊውና ቀና በይ።

ገና ያልገዛችሁ ግን “ሰሚ ድራይ” የሚባለውን ብትይዙ እመርጣለሁ። አናቱ ላይ የሚረጭ ውሃን የሚመልስ ሽፋን ብቻ አለው፤ የሚዘጋ ነገር የለውም።

ከለገሃር፦ ከአፍ ሥር ያለው ትንሽ ክብ ነገር ምንድነው? የእኔ ውሃ ያስገባል።

ማፍሰሻ ቫልቭ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከተጨመሩት ነገሮች ሁሉ እውነተኛው መሻሻል እሱ ነው። ድሮ ቱቦው ውሃ ሲሞላ እስከ አናቱ ለማስወጣት አንድ ሙሉ ትንፋሽ በኃይል መንፋት ነበረብህ፤ ትንፋሽህ ካለቀ ደግሞ አለቀ። አሁን አብዛኛው ውሃ ከታች ይወጣል፤ ግማሽ ትንፋሽ ይበቃል።

የሚያስገባብህ ከሥሩ የተቀመጠ ነገር ስላለ ነው። ክዳኑን በጥፍርህ ፈልቅቀህ ክፈተው፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች የሲሊከን ክብ ታገኛለህ። ጠርዟን በጣትህ ዳስሳት፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም ፀጉር ትነካለህ። አጥበህ መልሳት። ከዚያ የቱቦውን አናት በመዳፍህ ድፈንና በአፍህ ሳብ። ጉንጭህ ወደ ውስጥ ገብቶ ከቀረ ደኅና ነው፤ ሲስ የሚል ድምፅ ከሰማህ አሁንም ያስገባል። ይህን ሁላችሁም ከቤት ሳትወጡ ሞክሩ፤ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ጀልባ ውስጥ ሆኖ ከማወቅ ይሻላል።

እግረ መንገዴን፦ ከታች የሚተጣጠፍ ቆርቆሮ መሰል ጎማ ያላቸውን ስትገዙ ጣታችሁን ውስጡ አስገቡ። ውስጡም የተሸበሸበ ከሆነ እጥፋቱ ውሃ ይይዛል፤ ሲተነፍሱ ያንኮራፋል። ከውጭ ታጥፎ ከውስጥ ልስልስ የሆነውን ፈልጉ።

ከአምባሳደር፦ ጥቁሩ ጎማ ይሻላል ወይስ ግልጹ?

ግልጹ ሲሊከን። ጥቁሩ ጎማ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ጣዕሙም ከአፍ አይጠፋም። በ1980ዎቹ ሲሊከን ገበያውን የወሰደው በዚህ ነው። ጣሊያኖቹ የዋና ዕቃ አምራቾች እነ ክሬሲ በ1950ዎቹ የሠሩት ጥቁር ጎማ አንዳንዱ እስካሁን አለ፤ ለሳሎን ጌጥ ይሆናል።

ከብሔራዊ ቴአትር፦ ፊት ሙሉ የሚሸፍነውስ? ለሚፈራ ሰው ጥሩ ነው ብለውኛል። አደገኛ ነው የሚሉም አሉ።

ሁለቱም እውነት አለው። የስፖርት ዕቃ ድርጅቱ ዲካትሎን ኢዚብሬዝ የሚባለውን በ2014 ሲያወጣ ዋናው ሐሳብ በአፍንጫም በአፍም መተንፈስ ነበር። አሠራሩ ብልህ ነው፦ ንጹሑ አየር መጀመሪያ በመስታወቱ በኩል ወርዶ ጉሙን ያጠፋል፣ ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚከፈቱ ቫልቮች ወደ አፍና አፍንጫ ክፍል ይገባል፤ የተቃጠለው አየር ደግሞ በሌላ መንገድ ይወጣል። በ2020 ኮሮና ጣሊያንን ሲያስጨንቅ ብሬሻ ያለ ኢዚኖቫ የሚባል አነስተኛ ድርጅት ይህንኑ ማስክ በ3ዲ ሕትመት በሠራው መገጣጠሚያ ከኦክሲጅን መስመር ጋር አያይዞ ለሐኪም ቤት አቅርቧል።

አደጋው ቫልቮቹ ላይ ነው። አስመስለው የሠሯቸው ርካሾች ቫልቭ ጨርሶ የላቸውም፣ ወይም ካላቸውም አይገጥምም፤ ያኔ የተቃጠለው አየር ማስኩ ውስጥ ይዞራል። ሰውየው ራሱን ሲያዞረው ፀሐይ ነው ይላል። ደግሞ ስትደነግጪ እንደ ተራው ከአፍሽ ተፍተሽ አትጥዪውም፤ ማሰሪያውን ከኋላ መፍታት አለብሽ። አፍንጫሽን ይዘሽ የጆሮሽን ግፊት ማስተካከል ስለማትችዪም መጥለቅ የለም። ከታወቀ አምራች ከገዛሽ፣ ላይ ላይ ብቻ ከተንሳፈፍሽ፣ ፊትሽ ላይ በደንብ ከገጠመ ግዴለም። እየቀዘፉ ለመሮጥ ግን አይሆንም።

ይህን የፊት ሙሉ ብቻ ችግር አታድርጉት። ሃዋይ ውስጥ በስኖርክል ላይ ሳሉ የሞቱ ሰዎችን ጉዳይ ያጠኑ ሐኪሞች፣ አየር በቀላሉ በማያሳልፍ ስኖርክል በኃይል መሳብ ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል ብለው ጠርጥረዋል፤ የትኛውም ዓይነት ይሁን። ልቡን የሚታከም ካለ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከስታዲየም፦ ገንዳ ውስጥ አንዳንዱ ግንባሩ ላይ የሚያስረው ቱቦስ?

የልምምድ ስኖርክል ነው። አንገት ሳይዞር ክንድ ላይ ብቻ ለመሥራት ይጠቅማል። ባሕር ላይ አይሆንም። እዚህ ከፍታችን 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ገደማ አየር ነው ያለን፤ መጀመሪያ በዝግታ ሂድ።

ከቸርችል ጎዳና፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው። የእኔን ልስጠው?

አይሆንም እኅቴ። የልጅ ቱቦ ግዢለት፤ የ150 ሚሊ ሊትሩ ገደብ ለእሱ ነው። አፍ ላይ የሚነከሰውም ትልቅ ከሆነ ከጥርሱ ይወጣበታል። የሚዘጋ አናት ያለውን ተዪው፣ በክፍት ቱቦ ውሃ መትፋት ይልመድ።

ከፒያሳ፣ እንደገና፦ እሺ ጋሼ፣ ጎማውን ትቻለሁ። ላንጋኖ ሄጄ ልለማመድ?

መተንፈሱን ልትለማመድ ትችላለህ። ለማየት ከሆነ ግን ላንጋኖ ቡናማ ነው፣ የራስህን ጣት አታይም።

ከሜክሲኮ፦ ዋኝተን በዚያው ቀን በአውሮፕላን መመለስ ይቻላል?

በስኖርክል ብቻ ከሆነ ይቻላል። በጋን አየር ለመጥለቅ የተመዘገባችሁ ሁለት ሦስቶቻችሁ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ከጠለቃችሁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ቆዩ። በመኪና ወደ አዲስ አበባ መውጣትም ያው ከፍታ ነውና በመኪና ነው የምመለሰው ብላችሁ አታምልጡ።

ከአራት ኪሎ፦ ማስኩ ላይ በግራ ነው በቀኝ የሚታሰረው?

በግራ። የጋን አየር ጠላቂዎች መተንፈሻ በቀኝ ትከሻ በኩል ስለሚመጣ ዕቃው ሁሉ ለግራ ተደርጎ ይሠራል፤ በቀኝ ካሰርከው የአፉ መያዣ ተጣሞ ይመጣብሃል። ብርቱካናማው ቀለም ከላይ ይሁን፤ ባለጀልባው የሚያይህ በእሱ ነው።