የተሰረዘው ሎግ ቦታውን ለምን አልለቀቀም?

ጥያቄ፦ በጅቡቲ መስመር የሚመላለሱ የጭነት መኪናዎችን የምንከታተለው አዳማ ባለው ቢሯችን፣ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ በተጫነ የፓይተን ፕሮግራም ነው፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። መኪኖቹ 60 እያሉ የዕለቱ ሪፖርት ወዲያው ይወጣ ነበር፤ አሁን 900 ሲደርሱ ደቂቃዎች ይፈጃል። ኮዱ መኪኖቹን አንድ በአንድ እየዞረ የእያንዳንዱን ጉዞ ከዳታቤዙ ይጠይቃል። ሰሞኑን ደግሞ ዲስኩ ሞላ። 11 ጊጋባይት የደረሰውን የፕሮግራሙን ሎግ (የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ብሰርዘውም ቦታው አልተለቀቀም። ትልቅ ሰርቨር እንግዛ ወይ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። ሪፖርቱን ያዘገየውም ዲስኩን የሞላውም ያው መኪኖቹን አንድ በአንድ የሚዞረው ኮድ ሳይሆን አይቀርም።

ከዲስኩ እንጀምር። ሊኑክስ ላይ ፋይል ሲሰረዝ የሚነሳው ስሙ ብቻ ነው፤ የከፈተው ፕሮግራም እስኪዘጋው ድረስ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ይቆያል። «ሱዶ ኤልኤስኦፍ ፕላስ ኤል1» ብለው ሲያዙ የተሰረዘውን ፋይል የያዘው ፕሮግራም ከነስሙ ይወጣል። እሱን ሪስታርት ያድርጉት፤ 11 ጊጋው ይመለሳል። ከዚያ ሎግሮቴት የተባለው የሎግ ማስተዳደሪያ መሣሪያ ሎጉን በየቀኑ እንዲቀይር፣ 7 ቅጂ ብቻ እንዲያስቀርና እንዲጨምቅ ያዙት። ፕሮግራሙ የሎግ ፋይሉን ራሱ ዳግም የማይከፍት ከሆነ «ኮፒትራንኬት» የሚለውን ይጨምሩ፤ በቅያሪው ቅጽበት ጥቂት መስመሮች ሊጠፉ ይችላሉ፣ ዲስኩ ግን ይተርፋል።

የቆዩ ከርነሎችን (የሲስተሙን እምብርት የድሮ እትሞች) «አፕት አውቶሪሙቭ» ያነሳልዎታል፤ የሲስተሙን ጆርናል ደግሞ በ«ጆርናልሲቲኤል» ወደ 500 ሜጋባይት ያውርዱት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቦታ ፍለጋ ብለው የፖስትግሬስን «ፒጂ ዋል» ማውጫ እንዳይነኩ። ዳታቤዙ ከብልሽት የሚያገግመው በእሱ ነው፤ ከተሰረዘ ላይነሳ ይችላል። ቀድሞ ስሙ «ፒጂ ኤክስሎግ» ነበር፤ ተራ ሎግ እየመሰላቸው የሚሰርዙት ስለነበሩ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛው እትም ስሙ ተቀየረ።

አሁን ወደ ኮዱ። 900 መኪና ማለት ለአንድ ሪፖርት 901 ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ነው፤ አንዱ ለመኪኖቹ ዝርዝር፣ 900ው ለየመኪናው ጉዞ። የሎግ ደረጃው ጥቃቅኑን ሁሉ በሚጽፈው «ዲበግ» ላይ ከተተወ ደግሞ እያንዳንዱ ኩዌሪ ሎጉ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ያለውን ብቻ ወደሚጽፈው «ዋርኒንግ» ይመልሱት። የዕለቱን ጉዞዎች በሙሉ በአንድ ኩዌሪ ያምጡና በመኪና ቁጥር ዲክሽነሪ (በቁልፍ በቀጥታ የሚገኝበት የፓይተን ማከማቻ) ውስጥ ይመድቧቸው። ጉዞን ከመኪና ጋር የሚያዛምደው ክፍል ሊስትን ከላይ እስከ ታች የሚፈትሽ ከሆነ ይህ ብቻውን ብዙ ያቃልላል፤ 60 በ60 ሲሆን 3,600 ማነጻጸሪያ የነበረው 900 በ900 ሲሆን 810,000 ይደርሳል። መኪኖቹ 15 እጥፍ ሲያድጉ ሥራው 225 እጥፍ ያድጋል።

በመጨረሻ ኩዌሪውን፣ ፖስትግሬስ እንዴት እንደፈጸመው በሚያሳየው «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ይዩት። በትልቁ የጉዞ ሠንጠረዥ ላይ «ሴክ ስካን» (ሠንጠረዡን በሙሉ መስመር በመስመር ማንበብ) ካለ የቀኑ ዓምድ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ይፈልጋል። ሲሠሩት «ኮንከረንትሊ» ማለቱን አይርሱ፤ አለዚያ ኢንዴክሱ እስኪያልቅ አዲስ ጉዞ መመዝገብ አይቻልም።