ጅራፍ ለማጮህ ጉልበት አትጨምር

ወንድማችን የጠየቀው ይሄን ነው፦ ረጅም የተጎነጎነ ጅራፍ ገዝቷል። ሲያወዛውዘው አንዴ ድምፅ አይሰጥም፣ አንዴ ተመልሶ ጆሮውን ይገርፈዋል። "ክንዴ ደካማ ሆኖ ይሆን?" ይላል።

ኧረ በጭራሽ! እኔ የምጠረጥረው ጉልበት እንዳበዛህ ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል፤ ጀማሪ እጅ ላይ ሲሆን ግን የሚገርፈው እሱ፣ የሚጮኸው ባለቤቱ ነው።

መጀመሪያ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንግባባ። ጅራፍ የሚጮኸው የሆነ ነገር ስለመታ አይደለም። እጅህ የሰጠው እንቅስቃሴ ጅራፉ ላይ እጥፋት ይሠራል። ያ እጥፋት ከእጀታው ተነስቶ ወደ ጫፉ ይሮጣል። ጅራፉ እየቀጠነና እየቀለለ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ከድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። ድምፅ አየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ "ጧ!" የሚለው እሱ ሲታለፍ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሁለት የሒሳብ ሰዎች ለፍንዳታው ምክንያቱ ያ የሚሮጠው እጥፋት መሆኑን በስሌት አሳይተዋል። ስለዚህ ያንተ ሥራ ንጹሕ እጥፋት መላክ ብቻ ነው። በኃይል ከነጠቅከው እጥፋቱ መንገድ ላይ ይበላሻል።

አሁን መነጽር አድርግ። ይሄ ላይ ድርድር የለም፤ ጫፉ ዓይን ካገኘ በይቅርታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ሰፊ ጠርዝ ያለው ኮፍያ፣ እጅጌው ረጅም ልብስ፣ ወፍራም ጂንስ፣ ሽፍን ጫማ። የጆሮ መድፈኛም አትናቅ፣ ድምፁ ከምትገምተው በላይ ነው።

ቦታውን ስትመርጥ የጅራፉን ርዝመትና የክንድህን ርዝመት ደምር፣ ከዚያ እጥፍ አድርገው። ያን ያህል ቦታ በአራቱም አቅጣጫ ባዶ ይሁን። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለፊት ለፊቱ ነው፤ ጅራፍ ግን ወደፊት የሚሄደውን ያህል ወደ ኋላም ይሄዳል። ከጀርባህ ቆሞ ስልክ የደቀነው ጓደኛህ ነው የሚመታው። ቀና ብለህም ቅርንጫፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን እይ። መሬቱ ሣር ቢሆን ይመረጣል፤ ጠጠር ጫፉ ላይ ያለውን ክር ይበላል፣ ድንጋይም ያፈናጥርብሃል። ነፋስ ከበረታ ለሌላ ቀን ተወው።

ጅራፉ ራሱ ለጀማሪ ከ1.8 እስከ 2.4 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። አጭሩ ቶሎ ስለሚዞር ለማረም ጊዜ አይሰጥህም፤ በጣም ረጅሙ ደግሞ ክንድ ይጨርሳል። የናይለን ካገኘህ አትናቀው፣ ውኃ ቢነካውም ግድ የለውም። የቆዳው ግን እንዳይርስ ጠብቀው፣ ሲደርቅም የቆዳ ቅባት ቀባው።

ወደ ዋናው ልምምድ እንምጣ። ለጊዜው ድምፁን እርሳው። መሬት ላይ ከፊትህ ቀጥ ያለ ገመድ ዘርጋ፣ በምትይዝበት እጅ በኩል ከትከሻህ ትንሽ ወጣ ብሎ። ጅራፉን ገመዱ ላይ ቀጥ አድርገህ አስተኛው። አሁን ክንድህን ተረጋግተህ ወደ ላይ አንሳ። ጅራፉ እጅህን ተከትሎ ይነሳል። ጫፉ ገና ወደ ላይና ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ፣ ከኋላህ ሳይወድቅ፣ እጅህን ወደፊት መልሰው። ክንድህ ደረትህ ከፍታ ላይ ወደፊት ሲያመለክት ቁም። በቃ። ጅራፉ በራሱ ላይ ተጣጥፎ ሲያልፍ ታየዋለህ።

ከዚያ የወደቀበትን እይ። ገመዱ ላይ ቀጥ ብሎ ከተኛ መስመርህ ደህና ነው። ወደ ሰውነትህ በኩል ገመዱን አቋርጦ ከተጋደመ ግን እጅህ ስትመለስ ፊትህን አቋርጣለች ማለት ነው፤ ጆሮህን የሚያገኘውም በዚሁ መንገድ ነው። ሲወጣም ሲመለስም ከትከሻህ ውጭ ይለፍ። መስመሩ ሲስተካከል ድምፁ ሳትጠራው ይመጣል፣ መጀመሪያ ቀሰስ ብሎ፣ ከዚያ ጠርቶ።

ሌላው የጀማሪ አመል መጨረሻ ላይ ወደ ራስ መሳብ ነው። አንሶላ ስናራግፍ ወደ ኋላ መንጠቅ ስለለመድን ይመስለኛል። ጅራፍ ላይ ይሄ ጫፉን ወደ ፊትህ መጥራት ነው። እጅህ ወደፊት እንደዘረጋች ትቁም፣ ጅራፉ ጉልበቱን ጨርሶ ይውደቅ። ተሳስቶ ወዳንተ ከመጣም ልትይዘው አትሞክር። እጅህን ከሰውነትህ አርቅ፣ ፊትህን አዙር፣ ይለፍ።

ሰው ላይ መጠምጠም፣ ከሰው እጅ ወረቀት መቁረጥ የሚባለውን ጨዋታ ለጊዜው ከሐሳብህም አውጣው። ዒላማ ካማረህ መሬት ላይ የተተከለ እንጨት ይበቃሃል።

ድምፁ ከጊዜ በኋላ ከደነዘዘ በራስህ አትፍረድ፣ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ያለውን ክር እይ። እሱ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ ሲሳሳ ይቀየራል። እሱ የሚታሰርበት ጠፍርም እንዳልተሰነጠቀ፣ ቋጠሮው እንዳልላላ ሳታይ አትጀምር።

አሁንም ካስቸገረህ ቪዲዮ ላክልኝ። ስልኩን ግን ሰው አይያዘው፤ ከኋላህ ራቅ አድርገህ ማቆሚያ ላይ ትከለው። እጅህ ፊትህን ማቋረጥ አለማቋረጧ ደህና የሚታየው ከዚያ በኩል ነው።