ሀ ሁን በዜማ የሚወጣ ልጅ ፊደል ለይቷል? ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ልጆች ፊደልና ድምፁን መያዛቸውን እንዴት እንደምንለይ ወላጆችና መምህራን ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው።

ልጄ ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳታስቀር ትላለች። መጽሐፍ ስሰጣት ግን ዝም። ምን ነካት? (እናት፣ ከሆጤ)

ምንም አልነካትም እህቴ፤ የያዘችው ዜማውን ነው። «መ»ን ብቻውን ያሳዩአትና ከንፈሯን ይመልከቱ፤ ከሀ ተነሥታ ቆጥራ ነው የምትደርስበት። የኔታዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ሀ ሁን የጨረሰ ልጅ አቡጊዳ ይገባል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ፊደሉም ይለዋወጣል፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ድምፁም ይለዋወጣል፤ በዜማ ብቻ የመጣ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። (ውሎ አድሮ አቡጊዳውንም ይሸመድዱታል፤ ልጆችን ማን ይችላቸዋል!) ከካርቶን 20 ቁራጭ ቆርጠው ፊደል ይጻፉባቸውና በዘፈቀደ እያወጡ ያሳዩአት። ሳትቆጥር ወዲያው ያለችውን ታውቀዋለች፤ የቀረው ገና ነው።

68 ልጆች አሉኝ። አንድ በአንድ ልመዝን ብል ዓመቱ ያልቃል። (መምህር፣ ከኮምቦልቻ)

አያልቅም። ሌሎቹ ሲጽፉ በቀን አምስት ልጅ ይጥሩ፤ በ14 የትምህርት ቀን ሁሉንም ያዳርሳሉ። 33ቱን ፊደላት በሰባት አባዝተው 231 ሆሄ መጠየቅም የለብዎትም። የሚያምታቱትን ይምረጡ፦ ሰና ሸ፣ ተና ቸ፣ ጠና ጨ፤ ቢና ቤ። ሳድሱን አይርሱ፤ መልኩ ከፊደል ፊደል ስለሚለያይ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚያ ነው።

«ከ10 ሰባት» ብለው አይመዝግቡ። ሰባት የቱን እንደሳተ አይነግርዎትም። «ኃምስን ከሣልስ ያምታታል» ብለው ቢጽፉ ግን የነገው ትምህርት ተዘጋጀ ማለት ነው።

በመጨረሻ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ያስነብቡ፦ ሙዳፌ፣ ኬሙታ። «ቤት»ን በመልኩ ሸምድዶት ሊሆን ይችላል፣ «ኬሙታ»ን ግን ድምፅ ካላጋጠመ አይወጣውም። ይስቃሉ፤ ይሳቁ።

ልጄ «ፀሐይ»ን «ጠሐይ» ብሎ ስላነበበ ነጥብ ተቀነሰበት። ትክክል ነው?

አይደለም። ይህ የወሎ አነጋገር ነው እንጂ የንባብ ስህተት አይደለም። አያቱ «ጠሎት» እያሉ ያሳደጉት ልጅ ቃሉን ለይቶ ትርጉሙን ከተናገረ አንብቧል። ነጥቡን ይመልሱለት። እንዲሁም ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ በቃል ጽሕፈት ላይ በእነዚህ የአንደኛ ክፍል ልጅ አይቀጣም።

ከሰዓት ቁርዓን ቤት ይሄዳል። አንዳንዴ አማርኛውን ከቀኝ ይጀምራል፤ ላስቁመው?

በፍጹም። ክፍሌ ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው። ከማንበቡ በፊት ጣቱን በግራ በኩል ያስይዙት፤ ይለምደዋል።

በደቂቃ ስንት ፊደል ማንበብ አለበት?

ሰዓት ተይዞ የሚደረገው ምዘና የትምህርት ቤቶችን ሁኔታ ለማየት ይጠቅማል። የእርስዎን ልጅ ግን በሰዓት አያስጨንቁት፤ መጀመሪያ በትክክል ይበል።

«ገና»ን አላልቶ አነበበው። ስህተት ነው?

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ገና አልመጣም» እንደምንለው። ቃሉን ብቻውን ሰጥተው ከሆነ ጥፋቱ የጠያቂው ነው፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አድርገው ይስጡት።