ፓፍ ሲወስዱ አፍ ብቻ የሚመርዎ ከሆነ

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ባጃጅ እሠራለሁ፤ አስም አለብኝ። አቧራ ሲነሳ ያፍነኛል። ሳልቡታሞል ፓፍ ስወስድ አፌን ይመረኛል እንጂ ደረቴ አይከፈትም። ሌላ ገዝቼም ያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አፍዎን ከመረረዎት አብዛኛው መድኃኒት ምላስና ጉሮሮ ላይ እየቀረ ነው። ሌላ ፓፍ ከመግዛትዎ በፊት አወሳሰድዎን እናስተካክል።

አስም ሲነሳ ሰው «አየር አልገባ አለኝ» ይላል፤ ይበልጥ የሚቸገረው ግን ማስወጣቱ ላይ ነው። ስንስብ ዲያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ታች ይወርዳል፣ ደረት ይሰፋል፣ ቀጫጭኖቹ የአየር ቧንቧዎችም አብረው ይከፈታሉ። ስናስወጣ መልሰው ይጠባሉ። በአስም ጊዜ ደግሞ ዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ውስጣቸው ያብጣል፤ የቆየው አየር መውጫ አጥቶ ሳንባ ውስጥ ይታሰራል። በሞላ ደረት ላይ ፓፍ ቢስቡ መድኃኒቱ ብዙም አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ያስወጡ።

ፓፉን በደንብ ይወዝውዙት። አዲስ ከሆነ ወይም ሳምንት ከቆየ 2 ጊዜ ወደ አየር ይርጩ። ቀጥ ብለው አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉ፤ የቻሉትን ያህል በቀስታ ያስወጡ። በከንፈርዎ ግጥም አድርገው ይያዙት፤ ቀስ ብለው መሳብ ሲጀምሩ ይጫኑት፤ ሳያቋርጡ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይሳቡ። ከዚያ 10 ሰከንድ ያህል ትንፋሽዎን ይያዙ። ሁለተኛውን ለመድገም ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይጠብቁ። በኃይል አይሳቡ፤ በፍጥነት የሚሄድ ጠብታ የጉሮሮን መታጠፊያ መዞር ስለማይችል እዚያው ይለጠፋል።

መጫኑና መሳቡ አልገጥም ካለዎት ስፔሰር፣ ማለትም በፓፉና በአፍዎ መካከል ገብቶ መድኃኒቱን የሚይዝ ባዶ ዕቃ፣ ይጠቀሙ። ካላገኙ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ በቂ ነው። ታችኛውን በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ቅርጽ ይብሱት፤ ፓፉ ጥብቅ ብሎ ይግባ፣ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ። ከዚያ በፊት በሳሙና ውሃ ነክረው ሳይወለውሉ ያድርቁት፤ ያለዚያ ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስባል። ከንፈር የሚነካውን ጫፍ ብቻ በውሃ ያለቅልቁ። 1 ጊዜ ተጭነው በጠርሙሱ አፍ 5 ጊዜ ያህል በዝግታ ይተንፍሱ።

ፓፉን ባጃጁ መስታወት ሥር አይተዉት፤ ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት። መድኃኒቱ ያለበትን ቆርቆሮ አውጥተው የፕላስቲኩን ሽፋን ብቻ በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውሃ ይጠቡት። አብዛኛው ፓፍ 200 ጊዜ ይረጫል፤ ቁጥር የሚያሳይ ካልሆነ ራስዎ ይመዝግቡ። ሲወዘወዝ ድምፅ መስጠቱ መድኃኒት አለ ማለት አይደለም፤ የሚገፋው ጋዝ ብቻውን ሊቀር ይችላል።

ሳልቡታሞል ጡንቻውን ያላላል እንጂ እብጠቱን አያጠፋም። በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ካስፈለገዎት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በየቀኑ የሚወሰድ፣ እብጠቱን የሚቀንስ ፓፍ ያስፈልግዎታል። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ወይም ከንፈርዎ ከጠቆረ በስፔሰሩ አንድ በአንድ ከ4 እስከ 10 ጊዜ፣ በየ20 ደቂቃው እየወሰዱ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ። ባጃጁን ግን ሌላ ሰው ይንዳው።