ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ደርሶኛል፤ ልተወው ወይስ ልማረው?

ከሐይቅ የጻፍሽልኝ ተማሪ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመጀመሪያውን ዓመት አጠናቀሽ ሲቪል ምህንድስናን በቀዳሚ ምርጫነት ብትሞዪም፣ ውጤትሽ ስላላደረሰሽ ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ተመድበሻል። አባትሽ «ጨርቅ ለመስፋት ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ?» ብለው መቆጣታቸውን፣ ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው እኅትሽ ደግሞ አዲስ አበባ በአንድ የግል ኮሌጅ ሲቪል እንድትማሪ ክፍያውን ልትሸፍን ቃል መግባቷን ነግረሽኛል። በእኔ አስተያየት ያለሽበትን መቀጠል ይኖርብሻል፤ ምክንያቴንም ሳልሸፋፍን ልንገርሽ።

በእጅሽ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦታ በአገራችን ምህንድስና ለመማር ወጪው ከሁሉም የሚቀለው መንገድ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት አሠራር ተማሪው ውል ፈርሞ ይማርና፣ ከትምህርቱ ወጪ የሚደርስበትን ድርሻ ከምግቡና ከመኝታው ጋር ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። የግል ኮሌጁ ግን ገንዘቡን የሚጠይቅሽ በየሴሚስተሩ ነው፤ በዚያ ላይ የታክሲው፣ የቀለቡና የኮፒው ወጪ አለ። አክስትሽ ዘንድ እንደምታርፊ ጽፈሻል፤ ዘመድ ቤት ለዓመታት መቀመጥ ግን በገንዘብ ባይሆን በጉልበትና በጥናት ጊዜ የሚከፈልበት ነገር መሆኑን ብዙ ተማሪዎች አይተውታል።

ስለ እኅትሽ ገንዘብ የምለው ለቤተሰቡ ላይጥም ይችላል። እኅትሽ በሰው አገር ጉልበቷን እየከፈለች የምትልከው ገንዘብ ለመማሪያ ቦታ ላጣ ልጅ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ቦታ ላገኘች ልጅ፣ የትምህርቱ ስም ለጎረቤት ሲነገር ደስ ስለማይል ብቻ ሌላ ቦታ መግዣ ሲሆን ግን ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሴት ልጆቻቸውን ወደ ዓረብ አገር የላኩ የወሎ ቤተሰቦች ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ የምትልከው ልጅ ስትመለስ ለራሷ የተጠራቀመ ነገር የማታገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አባትሽን አከብራቸዋለሁ፤ ነገር ግን የእርስዎን ቅሬታ ለማብረድ ሌላዋ ልጅዎ ለምን ትከፍላለች ተብለው ሊጠየቁ ይገባል።

አባትሽ የሚያስቡት የስፌት መኪና ነው። አንድ የክር ማምረቻ አዳራሽ ውስጥ ያለው ሥራ ግን ሌላ ነው። አየሩ ከሚፈለገው በላይ ሲደርቅ ክሩ በየስፒንድሉ፣ ማለትም ክሩ በሚጠመዘዝበትና በሚጠቀለልበት ዘንግ ላይ፣ መበጣጠስ ይጀምራል፤ የማሽኑ ሠራተኛ እየሮጠች ብትቀጣጥልም አትደርስበትም። ማሽኑን ፈታትቶ ምንም ያላገኘው መካኒክ ደግሞ ይደናገራል፤ ጥፋቱ እዚያ ሳይሆን እርጥበት በሚሰጠው ክፍል፣ በተደፈነ የውሃ መርጫ ቀዳዳ ላይ ሊሆን ይችላልና። ይህን የሚደርስበት ስለ አየር፣ ስለ ፓምፕ፣ ስለ ሞተርና ስለ ጥጡ ባሕርይ አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ደሴ ሙያ ተምሬ በጥገና ክፍል ቱታ ለብሼ ነው የጀመርሁት፤ ዲግሪዬንም እየሠራሁ በማታው ክፍለ ጊዜ ነው የጨረስሁት፤ በነዚያ ዓመታት በፋብሪካ ውስጥ ተፈላጊ ሆኖ ያየሁት እንዲህ ያለውን ባለሙያ ነው።

መስኩ ፈተና የለበትም አልልሽም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው የተጣለው በአመዛኙ በልብስ ኤክስፖርት ላይ ነበር፤ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ተጠቃሚነት ስትወጣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚላከው ምርት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ የዩኒቨርሲቲውም የፋብሪካዎቹም ንብረት ተዘርፏል። ስለዚህ የትምህርቱን ጥራት ከስሙ ሳይሆን ከወርክሾፑ መዝኚው። ከፍተኛ ተማሪዎችን ቀርበሽ በቤተ ሙከራው ውስጥ የትኛው ማሽን እንደሚሠራ፣ ለልምምድ ወደ ፋብሪካ ሲወጡ ማሽን እንደሚነኩ ወይስ ቆመው እንደሚያዩ ጠይቂ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚያው ኮምቦልቻ ውስጥ በመኖሩ በክረምት ዕረፍትሽ ጭምር ገብተሽ ለመለማመድ ማመልከት ትችያለሽ፤ ይህ ዕድል ለአዲስ አበባው ተማሪ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ለሲቪል ተማሪም ቢሆን ሥራው ተዘርግቶ አይጠብቅም፤ ግንባታ ሲቀዘቅዝ ማስታወቂያ የሚያሳድዱ የሲቪል ምሩቃን በአካባቢሽም አይጠፉም።

ሐሳብሽ ካልተለወጠ ግን ለኮሌጁ አንድ ብር ከመከፈሉ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጪ። አንደኛው ዕውቅናው ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለየትምህርት መስኩና ለየካምፓሱ ስለሆነ፣ «ዕውቅና አለን» የሚለው ማስታወቂያ ሲቪል ምህንድስናን በዚያ ካምፓስ በመደበኛ ማስተማርን ላይጨምር ይችላል። ሁለተኛው የመውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የተማረ ሰው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ሳያመጣ የመጀመሪያ ዲግሪውን አይወስድም። ኮሌጁ በዚያ መስክ ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንቱ እንዳለፈለት በጽሑፍ ይስጥሽ፤ ለመስጠት ካንገራገረ የእኅትሽ ገንዘብ እዚያ አይግባ።

የዲፓርትመንት ለውጥ ይፈቀድ እንደሆነ ሪጅስትራሩን ጠይቂ፤ ክፍት ቦታ ካለና ውጤትሽ ከበቃ ወጪ የማይጠይቅሽ መውጫ እሱ ነው። ሒሳብ እንደሚከብድሽ ጽፈሻል፤ ኮሌጅ ብትቀይሪ ሒሳቡ አይቀርልሽም፤ ከጎበዝ ጓደኛ ጋር በየቀኑ መሥራት ነው። ላፕቶፕ ለምህንድስና ንድፍ ሥራው ያስፈልግሻል፤ ደህና ያገለገለ ይበቃል። ለእኅትሽም በሰው ሳትልኪባት ራስሽ ደውለሽ፣ የኮሌጁ ክፍያ ቀርቶ ላፕቶፑን ብቻ እንድትገዛልሽ ንገሪያት።